እንደለመደው ይሁንለት ያልሽኝ ወፍ

ይድረስ ለእህቴ ለስንዱ፤

በልጅነታችን የተማርነው ደብዳቤ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» ብሎ ይጀምራል። ያንን መስመር ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሁለት ጊዜም ሰረዝኩት። ጤናሽን ልጠይቅሽ አልችልም፤ ሳልጠይቅሽ ደግሞ ደብዳቤ መጀመር አላውቅበትም። ስለዚህ የራሴን ልንገርሽና ልቀጥል። በጥቅምት ተለይተሽኝ ይኸው ግንቦት ገባ። እኔ ደህና ነኝ፤ የየካን ዳገት ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ሻምበልም ደህና ነው። የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው፤ ደህና መሆኑ ግራ ስላጋባኝ።

ይህ ደብዳቤ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ሻምበልን የጦር መኮንን አድርጎ እንዳይወስደው ላስረዳ። ሻምበል ወፍ ነው። ከእርግብ ያነሰ፣ ግራጫ፣ ፊቱ ቢጫ፣ ጉንጮቹ ላይ በጣት የተቀባ የሚመስል ብርቱካናማ ክብ ያለው፣ አናቱ ላይ ደግሞ ሲደነግጥ ቀጥ የሚል፣ ሲረጋጋ የሚተኛ ቁንጮ ያለው። እኛ በቀቀን ስንለው ኖርን። በኋላ ያየችው የእንስሳት ሐኪም ግን ኮካቲል ይባላል፣ የበቀቀን ታናሽ ዘመድ ነው አለችኝ። ኮተቤ ጎረቤትሽ የነበረው ሰው ቤቱን ሲለቅ ከነሽቦ ቤቱ ላንቺ ትቶልሽ ሄደ። አንቺም ቁንጮውን አይተሽ የመኮንን ባርኔጣ ይመስላል አልሽና ሻምበል ብለሽ ጠራሽው። ለወፍ ማዕረግ መስጠት ነውር ነው ብዬ ተቆጣሁሽ። «እንግዲያው አንቺ ጄኔራል ነሽ፣ እትዬ፣ ማዕረጉን ግፈፊው» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ከዚያ በኋላ እኔም ሻምበል እያልኩ ጠራሁት፤ ሌላ ስም አልነበረውም።

ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ ስለ ቤትሽም ስለ ዕቃሽም አንዲት ቃል አልተናገርሽም። ድምፅሽ ቀጥኖ ነበር፣ ጆሮዬን ወደ አፍሽ አስጠጋሁ። «እትዬ፣ ሻምበልን አደራ። እንደለመደው ይሁንለት» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። እሺ ማለት ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ እየተባልን ነው ያደግነው። አደራ የተቀበለ ሰው የተሰጠውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያቆየዋል፤ ያሻሽለዋል ተብሎ አይሰጠውም። ይህን ሳላመነታ ነበር የማምነው።

የለቅሶሽን ዕለት አላየሽውምና ልንገርሽ። ድንኳኑ ከደጅ ተተክሎ ወንዶቹ እዚያ፣ ሴቶቹ ደግሞ ቤትሽ ውስጥ ነበርን። ሻምበል ሰው ሲገባ ማፏጨት ልማዱ ነው። ለቀስተኛ እየጮኸች ስትገባ እሱ ከእሷ በላይ ጮክ ብሎ እያፏጨ ይቀበላታል። አንዷ ገብታ ሳትጨርስ ሌላዋ ትገባለች፣ እሱም ይቀጥላል። የአክስታችን ልጅ ጥሩወርቅ አልቻለችም። «ኧረ ይሄን ባለጌ አንድ በሉልኝ፤ ሠርግ መሰለው እንዴ?» ብላ ጥቁር ሻርፕዋን ከትከሻዋ አውርዳ የሽቦ ቤቱ ላይ ጣለችው። ዝም አለ። ከሴቶቹ ሁለት ሦስቱ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሚያለቅሱ መስለው ይስቁ ነበር። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ ከሁሉም ቀድመሽ ትስቂ ነበር፣ እኔም ከሁሉም ቀድሜ እቆጣሽ ነበር።

ከሣልስትሽ በኋላ የሽቦ ቤቱን ከነሻርፑ አቅፌ ታክሲ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ከሻርፑ ስር አፏጨ። ረዳቱ ዘወር ብሎ «ማነው የሚያፏጨው? ወራጅ አለ በሉ እንጂ፣ እረኛ አደረጋችሁን እኮ» አለ። ሾፌሩም የምር መስሎት ጥግ ይዞ ቆመ። ማንም አልወረደም። ጥቁር የለበሰች አሮጊት ታክሲ ውስጥ ስለ ወፍ ማብራሪያ አትሰጥም።

እኔ ቤት አርባ እስኪወጣ ድረስ ሬዲዮ አይከፈትም፣ ቴሌቪዥኑም ይሸፈናል። ባለቤቴ ሲሞትም እንዲሁ ነው ያደረግሁት። የሻምበል ፉጨት ከሬዲዮ ተለይቶ አልታየኝም። ስለዚህ ምግቡንና ውሃውን ላስገባለት ስል ሻርፑን ገለጥ አደርጋለሁ፣ መልሼም እሸፍነዋለሁ። ሐዘን በሥርዓት ካልተያዘ ሐዘን አይባልም ብዬ ነበር። የአርባሽ ማግሥት ሻርፑን አንሥቼ በቀን ብርሃን ባየው ደረቱ ላይ ላባ የለም። ቆዳው ቀልቶ ይታያል። ላባውን አንድ በአንድ በገዛ አፉ ነቅሎ ከመቀመጫው ስር ጥሎታል። ቆሜ አየሁት፣ እሱም አየኝ። አላፏጨም።

ከመገናኛ ወዲያ የእንስሳት ሐኪም አለች ብለውኝ ወሰድኩት። በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን ናት፣ እጇ ግን ልምድ ያለው እጅ ነው። በፎጣ ጠቅልላ ያዘችው፣ ሆዱን ዳበሰች፣ ምንቃሩን አየች። «እማማ፣ በጣም ስትረስ ላይ ነው። ጉበቱም ወፍሯል። ምንድነው የሚበላው?» አለችኝ። እኔም እንዳንቺ ሥርዓት ሁሉንም ነገርኳት። ጠዋት ሱፍ፣ ከሰዓት ፋንዲሻ፣ ምሳ ሰዓት ከሰሃንሽ ላይ ዳቦና አልጫ፣ ያውም በጉርሻ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ አቮካዶ። አቮካዶ ስል እጇ ቆመ። «አቮካዶ ለሱ መርዝ ነው እኮ። እስካሁን እንዴት ኖረ?» አለች። የእህቴ እጅ መርዝ አያውቅም ልበላት?

ከዚያ የምትለውን ትለኝ ጀመር። ሽፋኑ ይነሣ፣ ብርሃን ያግኝ፣ ሲመሽ ግን በጨለማና በጸጥታ ጠግቦ ይተኛ። ቤቱ ይስፋ። ክንፉን የሚዘረጋበት ሰዓት ይኑረው። የሚያየው መስተዋት ይውጣ፤ ሌላ ወፍ እየመሰለው ልቡን ያደርቃል። ከሰል ቤት ውስጥ አይጨስ። ጨው፣ ዘይት፣ አቮካዶ ፈጽሞ፤ ሱፍ ከስንት አንዴ። በምትኩ ካሮት፣ ቆስጣ፣ የበቀለ ምስር፣ ዳጉሳ። አንቺ ያለሽኝን ነገርኳት፤ አደራው እንደለመደው ይሁንለት የሚል ነው አልኳት። «እንደለመደው ከሆነ ዓመት አይሞላም፣ እማማ» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም በሐዘን ነበር።

ስንዱ፣ ያን ቀን ከመገናኛ እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የመጣሁት። አንቺ እንደለመደው ብለሽኛል፣ ልማዱ ግን ይገድለዋል። ቃልሽን ከጠበቅሁ ወፉን እቀብረዋለሁ፤ ወፉን ከጠበቅሁ ቃልሽን እሰብራለሁ። አደራ ሰጪው በሕይወት ቢኖር ሄጄ እጠይቀው ነበር። የሞተ ሰው አደራ ከባድ የሚሆነው ለዚህ መሆኑን እስከዚያን ቀን አላስተዋልኩም ነበር። ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ለሐኪሟ አልነገርኳትም። ሰሃን ሲቀርብ በጠረጴዛው ላይ እየተንደረደረ የሚመጣው አንቺ ስላስለመድሽው ነው። ሱፍ ስትፈለፍዪ ጣትሽ ላይ ቆሞ ፍሬውን ከከንፈርሽ ይቀበልሽ ነበር። ሰው ትከሻ ላይ ወጥቶ የጆሮ ጉትቻ የሚጎትተው ያንቺን ጉትቻ ለምዶ ነው። ያለበት አመል ሁሉ የእጅሽ ሥራ ነበር። እሱን ማዳን ማለት አንቺን ከላዩ ላይ መፋቅ መስሎ ታየኝ።

እንዲሞት ግን ልተወው አልቻልኩም፤ ጀመርኩ። ብየዳ ቤት ሄጄ ቁመቴን የሚያህል የሽቦ ቤት አሠራሁ። ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ቀስ እያልኩ ወጥቼ ከወደቀ ባሕር ዛፍ ላይ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ቅርንጫፍ ቆረጥኩ፣ አጥቤ በፀሐይ አደረቅሁና መቆሚያ እንዲሆነው አጋደምኩለት። እግሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንጨት መጨበጥ የለበትም ብላኛለች። መስተዋቱን አወጣሁ። መስተዋቱ ተሰቅሎበት የነበረውን ቦታ ቀኑን ሙሉ ሲያየው ዋለ። መልሼ ግን አልሰቀልኩትም።

ሾላ ገበያም ወረድኩ። ከድጃን ታስታውሻታለሽ፣ እህል ሻጯን፣ የስልጤዋን። ዳጉሳው ድንጋይ እንዳይኖረው፣ ምስሩ የዘንድሮ እንዲሆን ፈልጌ መዳፌ ላይ እየዘረገፍኩ ሳይ ታዝባኝ «እትዬ በላይነሽ፣ ይሄ ወፍ ነው አማች? ለአማች እንኳ እንዲህ አይለቀምም» አለችኝ። አማች ቢሆን የሰጡትን ይበላ ነበር አልኳት። ቀልዴ ነበር፤ እሷ ግን እኔ ስቀልድ ሰምታ ስለማታውቅ በጣም ተጨነቀችልኝ።

ቀልዱ ግን እውነት ሆነ፤ ሻምበል የሰጠሁትን አልበላም አለ። እኔም እንደማውቀው አደረግሁ። ሱፉን በአንድ ጊዜ አነሣሁ፣ ካሮቱንና ቆስጣውን አቀረብኩ፣ ካልበላው በምሳ መልሼ አቀረብኩለት፣ ካልበላ በእራትም። አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲህ ነበር የተያዝነው። ሲርበው ይበላል አልኩ። አልበላም። ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ተቀመጠ። ሐኪሟ ጋ ስልክ ደወልኩ። «ወዲያው ሱፉን ይመልሱለት! ወፍ እልኸኛ ነው፣ እያዩት ይሞትብዎታል» አለችኝ። በእኔ ላይ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው፤ አልተቆጣሁም፣ ሱፉን መለስኩ። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ልውውጡ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ሱፉ እየቀነሰ፣ ሌላው እየጨመረ። «ደግሞ ወፍ ለብቻው አይበላም። መንጋው የሚበላውን አይቶ ነው የሚበላው። አሁን መንጋው እርስዎ ነዎት። ፊቱ ቁጭ ብለው ይብሉለት፣ እንደጣፈጠዎትም ያሳዩት» አለች።

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ቆምኩ። አንድ ቀን ትዝ አለኝ፤ አንቺ ታስታውሺው እንደነበር አላውቅም፣ ተነጋግረንበት አናውቅም። በአዳሪ ትምህርት ቤት የባቄላውን ሾርባ አልበላም ያልኩ ቀን። ተቆጣጣሪዋ ሰሃኑ ባዶ እስኪሆን ከወንበርሽ አትነሺም አለችኝ። ልጆቹ ሁሉ ወጡ፣ መጋቢዎቹ ጠረጴዛውን ወለወሉ። አንቺ ያንቺን ጨርሰሽ ነበር፣ መሄድ ትችዪ ነበር። አልሄድሽም። ካጠገቤ ተቀምጠሽ ማንኪያሽን ከእኔ ሰሃን ውስጥ ነከርሽና ፊትሽን ሳታጨማድጂ ዋጥሽ። ከዚያ ዓይንሽን ወደ እኔ አዞርሽ። እኔም በላሁ። ታላቅሽ እኔ ነበርኩ። ለዚያ ነገር አመስግኜሽ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ደንብ ያፈረስሽ መስሎኝ ነበር።

ካሮት ፈቅፍቄ ሁለት ሰሃን አቀረብኩ፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለሻምበል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነው የምበላው፤ ብዙውን ጊዜም ቆሜ፣ ከወጥ ቤት ሳልወጣ። አሁን ከወፍ ጋር ገበታ ቀረብኩ። አፍ ዘግቶ ማላመጥን ለስንት ልጅ ያስተማርኩ ሴት ካሮት እያንኮሻኮሽኩ፣ ከንፈሬን እየመጠመጥኩ፣ እምም እያልኩ በላሁ። ሻምበል ካንድ ጥግ ሆኖ አየኝ። በነጋታውም እንዲሁ። ስንት ቀን እንደ ቆየ አልቆጠርኩም። አንድ ቀን ግን ከመቆሚያው ወርዶ በጠረጴዛው ላይ ዘጭ ዘጭ እያለ መጣና የራሱን ሰሃን አልፎ ከእኔ ሰሃን አንዲት የካሮት ክር አነሣ። ጣላት። መልሶ አነሣት።

በዚህ አያያዝ ዳጉሳውንም፣ ቆስጣውንም፣ የበቀለውን ምስር ሁሉ ለመደ። ላባው ግን ቶሎ አልመጣ አለ። ሐኪሟ በሳምንት አንድ ጊዜ የተቀቀለ እንቁላል ይጨመርለት፣ ለላባ ይጠቅማል አለች። ይህን ያለችኝ ሁዳዴ ገብቶ ነው። እንግዲህ ተመልከቺ፣ ስንዱ፤ ሻምበል የሚበላው እኔ ስበላ ያየውን ብቻ ነው። እንቁላሉን እሱ እንዲበላ እኔ መብላት አለብኝ። እኔ ደግሞ ዐቢይ ጾምን በልጅነቴ ከጀመርኩ ጀምሮ አፍርሼ አላውቅም፤ አንቺ ስታፈርሺ ያደረግሁብሽን ታውቂዋለሽ። እንቁላሉን ቀቀልኩት፣ ላጥኩት፣ አስኳሉን በማንኪያ አደቀቅሁት፣ ፊቴ አኖርኩት። ሻምበል እኔን ያያል። እኔ እንቁላሉን አያለሁ። መልሼ ከደንኩትና የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ።

«አባ፣ እንቁላል ከንፈሬ ድረስ አምጥቼ የምበላ መስዬ ባልበላው ጾሜ ይፈርሳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ነካት ብለው አዩኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው አወራሁላቸው። «ይሄ ሻምበል ጡረተኛ ነው?» አሉኝ። ወፍ ነው አባ፣ አሁን ነገርኩዎት እኮ አልኩ። «ክርስትና ተነሥቷል?» አሉ። አልተነሣም አልኩ፣ የምር መስሎኝ። መስቀላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ከዚያ «ልጄ፣ ሳይጾሙ ጾመኛ መምሰል ግብዝነት እንደሆነ አውቃለሁ። እየጾሙ በላተኛ መምሰል ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ነፍስ ለማቆየት ነው፤ አድርጊው። መስኮቱን ግን ዝጊ፣ የሚያይሽ ጎረቤት እንዳይሰናከል» አሉኝ።

መስኮቱን ዘጋሁ። ማንኪያውን ወደ ከንፈሬ አመጣሁ፣ እምም አልኩ፣ መለስኩ። እንደገና አመጣሁ። ሻምበል ቁንጮውን አቁሞ አንገቱን እየሰገገ ተጠጋ። በሦስተኛው ጊዜ ማንኪያው ጫፍ ላይ ምንቃሩን ነክሮ ፊቱን ሁሉ ቢጫ በቢጫ አደረገው፤ ቀድሞም ቢጫ ነበር። ሳቅሁ። ስንዱ፣ ጥቁር ለብሼ፣ በሁዳዴ፣ ከሞትሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። ከዚያ የሳቅሁት በምን እንደሆነ ጠፋኝ። ዘወር ብዬ አየሁ፤ የሰማኝ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ነው፣ ወይስ አንቺ ትኖሪ ይሆን ብዬ? አላወቅሁትም። ዛሬም አላውቀውም።

አሁን ብታይው አታውቂውም። የደረቱ ላባ ሞልቷል። ጠዋት ውሃ በመርጫ ስረጭለት ክንፉን ዘርግቶ እየዞረ ይታጠባል። ሁለት ሰዓት ያህል በሳሎኑ ውስጥ ይበራል፤ አንዴ ከመጋረጃው፣ አንዴ ከመጻሕፍት መደርደሪያው። ጉበቱም ወደ መጠኑ እየተመለሰ ነው ብላኛለች። ሲመሽ ሳልሸፍነው ራሱ ወደ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ሰው ሲመጣ ደግሞ ያፏጫል፤ ዝም እንዲል አላደርገውም። ጥሩወርቅ መጥታ ሰምታው «እህቷ ሞታ ወፍ ታስጨፍራለች ይሉሻል» አለችኝ። ይበሉ አልኳት። እኔ ይበሉ ስል ሰምታ ስለማታውቅ ፊቷን ወደ ሻይዋ መለሰች።

ይኸውልሽ፣ እስከዚህ ድረስ ቢሆን ደብዳቤው የምሥራች ይሆን ነበር። ባለፈው ሳምንት ከድጃ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ለሻምበል ብላ ሱፍ ይዛ መጣች፤ ያንኑ ጥቁሩን፣ አንቺ ትወጂው የነበረውን። ትንሽ ይቅመስ፣ ዓመት በዓል ነው እንበል ብዬ መዳፌ ላይ አኖርኩለት። መጣ፣ አየው፣ በምንቃሩ አንዷን ገፋ አደረጋት። ከዚያ መዳፌን ተረማምዶ አልፎ ሰሃኔ ላይ ወደ ነበረችው የካሮት ቁራጭ ሄደ። ከድጃ «ይሄማ ተማረ፣ እትዬ!» ብላ አጨበጨበች። እኔ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። ተከትላኝ መጥታ «ዳነልዎት እኮ፣ ደስ ሊልዎት ሲገባ ምን ያስለቅስዎታል?» አለችኝ። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ግን ያቺን ሱፍ ሲያይ አንቺን የሚያስታውስ ነገር ከውስጡ ብድግ ይላል ብዬ ስጠብቅ ኖሬ ነበር፤ አልተነሣም። ያስረሳሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ በየቀኑ፣ በካሮት።

አንዳንድ ቀን እንዲህ ብዬ አስባለሁ። እንደለመደው ስትዪኝ ሱፉንና አቮካዶውን ማለትሽ ነበር? ወይስ የለመደው ሌላ ነበር፤ ሰሃን ሲቀርብ ካጠገቡ ሰው መኖሩን? ምግቡ ያልፋል፤ አብሮ መብላቱን ግን አላጓደልኩበትም። እንዲህ ካሰብኩ አደራሽን የጠበቅሁ ይመስለኛል። ማግሥቱን ደግሞ ይህን ያሰብኩት ራሴን ለማጽናናት ነው እላለሁ፤ ተናጋሪው ከሞተ በኋላ ቃሉን እንደሚመች መተርጎም እኔ በሌላ ሰው ላይ ባየው የማልምረው ነገር ነው። አንቺ ቃል አትመርጪም ነበር። ያን ቀን ደክሞሽም ነበር። ምናልባት ሁለቱንም አላሰብሽም፤ ምናልባት እንዳይከፋው ብቻ ነበር ያሰብሽው። ሦስቱም ትክክል ይመስሉኛል፣ ሦስቱን ባንድ ቀን። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ መሆኔ ያሳፍረኛል።

አንድ ነገር ብቻ ወስኛለሁ። ሻምበል ጤነኛ ሆኖ ይኑር፤ ሱፉን መልሼ አላስለምደውም፣ አንቺን እንዲያስታውስልኝ ብዬ ጉበቱን አላበላሽም። አንቺን የማስታወሱ ነገር ለወፍ የሚተው አልነበረም፤ በእሱ ላይ ጥዬው ነበር፣ አሁን ወስጄዋለሁ። ምሳ ሰዓት ሁለታችን ስንቀመጥ ስለ አንቺ አወራለታለሁ። ዛሬ የባቄላውን ሾርባ ነገርኩት፣ ነገ ደግሞ ሌላ አለኝ፤ ስትሰክሪ ያየሁሽን የእንቁጣጣሽን ቀን፣ ወይም በዝናብ ከእንጦጦ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ የወረድሽበትን። ይግባው አይግባው አላውቅም። አንገቱን አዘንብሎ ይሰማኛል፣ ከዚያ ይበላል። እኔም እያወራሁ እበላለሁ፣ ተቀምጬ፣ ሰሃኔ እስኪያልቅ።

ታላቅ እህትሽ
በላይነሽ